ስንዝሮን ጌም ማድረግ መኮረጅ ነው ወይ?

ጥያቄው የመጣው ከኮምቦልቻ ነው። አሳጥሬ ላስቀምጠው።

«ጋሼ፣ የሶፍትዌር ኢንጂነሪንግ አራተኛ ዓመት ተማሪ ነኝ። ያደግኩት አያቴ ስንዝሮን እየነገረችኝ ነው። አሁን በስልክ የሚጫወቱት ጌም ላደርገው ጀምሬያለሁ። ለጓደኞቼ ሳሳያቸው ሳቁብኝ። ‹ታሪኩ የፈረንጆቹ የአውራ ጣት ታህል ልጅ ተረት፣ ቶም ታምብ ነው፣ ዝላዩ የማሪዮ ጌም ነው፣ ያንተ ምኑ ነው?› አሉኝ። እውነትም አሁን አሁን ፊልሙም ጌሙም የድሮውን አሙቆ ማቅረብ ሆኗል። ኮርጄ ነው? ካልኮረጅኩስ ተረት ወደ ጌም የሚገባው እንዴት ነው? ደግሞ በአማርኛ ይሻላል በእንግሊዝኛ? የሠራሁትን ልኬልዎታለሁ።»

አብሽር፣ አልኮረጅክም። ጓደኞችህ ግን ሙሉ በሙሉ አልተሳሳቱም። አንድ ነገር ሸትቷቸዋል፣ ምን እንደሆነ ነው ያላወቁት።

የላክልኝን ከፍቼ ተጫወትኩት። መጀመሪያ አራት ደቂቃ ሙሉ ጽሑፍ ይወርዳል። «ከዕለታት አንድ ቀን» ብሎ ይጀምርና ስንዝሮ እንዴት እንደተወለደ፣ ወንድሞቹ እንዴት እንደናቁት፣ አንድም ሳያስቀር ይነግረኛል። ጽሑፉ ሲያልቅ አንድ ትንሽ ልጅ ከድንጋይ ድንጋይ ይዘላል። ዘለልኩ። ሳንቲም ለቀምኩ። ሞትኩ። እንደገና ዘለልኩ። ልጁን አውጥተህ ጥንቸል ብታስገባበት ጌሙ ላይ ምንም አይጎድልም። ያንተ ችግር ይሄ ነው። ተረቱ ደጅ ቆሞ ቀርቷል፣ ውስጥ ያለው ሌላ ነገር ነው።

እኔ ታሪክ በሌላ መንገድ ሲቀርብ ምን እንደሚሆን መጀመሪያ ያየሁት ደሴ፣ ሸዋ በር አካባቢ አንድ ቪዲዮ ቤት ደጃፍ ላይ ነው። ለሁላችንም የሚሆን የመግቢያ ሳንቲም አይኖረንም። አዋጥተን አንድ ልጅ እናስገባለን፣ እኛ ግድግዳው ሥር ቁጭ ብለን ድምፁን እንሰማለን፣ ሲወጣ እሱ ይተርክልናል። በተራ መሆን ነበረበት፣ ግን ሁልጊዜ የሚገባው ያው አንድ ልጅ ነው፣ ምክንያቱም ሌላው ሲተርክ አይጥምም። አንድ ቀን ሾሌን አይቶ ወጣ። የሕንዱን ሾሌ። ሁለት ሌቦች ናቸው፣ ጋባር ሲንግ የሚባል ሽፍታ እንዲይዙ አንድ ጡረታ የወጣ ፖሊስ ይቀጥራቸዋል። ከሁለቱ አንደኛው፣ አሚታብ ባቻን የሚጫወተው፣ ነገር ሲከብደው ሳንቲም እያሽከረከረ ነው የሚወስነው። መጨረሻ ላይ ሲሞት ጓደኛው ሳንቲሙን አንስቶ ያያል፣ ሁለቱም ጎን አንድ ዓይነት ነው።

ያ ልጅ ይሄን ሲተርክ ከኪሱ ሃያ አምስት ሳንቲም አወጣ። «ዘውድ ወይስ ጎፈር?» አለን። ጎፈር አልን። ጎፈር ወጣ። እንደገና፣ ጎፈር። ሳንቲሙን በመዳፉ እየሸፈነ ያጭበረብረን እንደነበር የገባኝ ብዙ ቆይቶ ነው። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ሳንቲሙን የሰጠችው እናቱ ናት፣ ስትሞት» አለ። አንዱ ልጅ አለቀሰ። ዘፈኑ ጋ ሲደርስ ሂንዲ ስለማይችል በአምባሰል ዜማ ነው የዘፈነልን፣ ግጥሙን ደግሞ እዚያው ነው የፈጠረው።

ካደግኩ በኋላ ፊልሙን አየሁት። እናት የሚባል ነገር የለበትም! ትንሽ ተናደድኩ፣ ከዚያ ሳቅኩ። ልጁ አልዋሸንም። ፊልሙ ሳንቲሙን ስክሪን ሙሉ አድርጎ ማሳየት ይችላል። እሱ ስክሪን የለውም። ያለው አፉ፣ እጁ እና የእኛ ሆድ መባባት ነው። ስለዚህ ሥዕሉ ይሠራ የነበረውን ሥራ ለእናትየው ሰጣት።

ታሪክ ከአንዱ ዕቃ ወደ ሌላው ሲገለበጥ የሚሆነው ይሄው ነው። አዲሱ ዕቃ የማይችለው ነገር ይወድቃል፣ የሚችለው ነገር ይተካዋል። ምንም ካልወደቀና ምንም ካልተተካ የተገለበጠ ነገር የለም።

ሾሌ ራሱ ከየት መጣ ብትል በፈረንጆች 1975 የወጣ ፊልም ነው፣ ደራሲዎቹ ሳሊምና ጃቬድ ይባላሉ። መንደርን ከሽፍታ የሚያድኑ ቅጥር ተዋጊዎች የሚለው ሐሳብ ግን የጃፓናዊው የአኪራ ኩሮሳዋ የ1954 ፊልም፣ የ«ሰባቱ ሳሙራዮች» ነው። ከሕንዶቹ በፊት አሜሪካኖች በ1960 ሳሙራዮቹን ፈረስ ላይ አውጥተው፣ ሽጉጥ አስታጥቀው ካውቦይ አድርገዋቸዋል። ኩሮሳዋ ደግሞ የአሜሪካዊው የጆን ፎርድ የካውቦይ ፊልሞች ቀንደኛ አድናቂ ነበር። እንግዲህ ቁጠረው፦ አሜሪካ፣ ጃፓን፣ ተመልሶ አሜሪካ፣ ሕንድ፣ ሸዋ በር። የመጨረሻው ጣቢያ ላይ በአምባሰል ተዘፈነ።

በነገራችን ላይ ይሄን ጥያቄ የወሎ ልጅ መጠየቁ ገርሞኛል። አምባሰልን ማን ደረሰው? ማሪቱ ለገሰ ስትጫወተው ሰው «የማን ዘፈን ነው?» አይልም። ቅኝቱ የሁሉም ነው፣ ጆሮ የሚቆመው እንዴት እንደተጫወተችው ለመስማት ነው። ትዝታም፣ ባቲም፣ አንቺ ሆዬም እንደዚያው። ፊልም ላይ ሲሆን ጊዜ ምን ሆነን ነው በአንዴ ዳኛ የምንሆነው?

ወደ ስንዝሮ ልመለስ። ጓደኞችህ ቶም ታምብን ብቻ ነው የሚያውቁት። ጃፓንም ስንዝሮ አለ፣ ስሙ ኢሱን ቦሺ ነው። ሱን የድሮ የጃፓን መለኪያ ነው፣ ሦስት ሳንቲ ሜትር ገደማ። ስለዚህ ስሙ «የአንድ ሱን ልጅ» እንደማለት ነው። የእኛው በስንዝር፣ የእነሱ በሱን። ይሄ ልጅ የሩዝ ጎድጓዳ ሳህን ጀልባ አድርጎ፣ የመብያ እንጨት መቅዘፊያ አድርጎ፣ መርፌ ሰይፍ አድርጎ ወደ ከተማ ይሄዳል። ጭራቅ ይውጠዋል፣ እሱ ሆድ ውስጥ ሆኖ በመርፌው ይወጋዋል፣ ጭራቁ ይተፋዋል። አያትህ ብትሰማው «ይሄማ የእኛ ሰው ነው» የምትል ይመስለኛል።

በ2006 ካፕኮም የተባለው ኩባንያ ኦካሚ የሚባል ጌም አወጣ። ካገኘኸው ሌላ ሥራህን ትተህ ተጫወተው። አንተ የፀሐይ አምላክ ነህ፣ መልክህ ግን ነጭ ተኩላ። ራስህ ላይ የምትቀመጥ፣ ትንኝ የምታክል፣ ወሬኛ የሆነች ፍጡር አለች፤ ፍጡር አልኩህ እንጂ ወንድ ነው፣ ስሙም ኢሱን። ያው ኢሱን ቦሺ ነው! ግን ሳህኑም የለ፣ መቅዘፊያውም የለ፣ «ከዕለታት አንድ ቀን» የሚል አራት ደቂቃም የለ። ሠሪዎቹ ኢሱንን ተንከራታች ሠዓሊ አደረጉት። ለምን? ምክንያቱም ጌሙ በሙሉ የተሠራው የድሮ ጃፓን የቀለምና የብሩሽ ሥዕል መስሎ ነው። እየተጫወትክ አንድ ቁልፍ ስትጫን ዓለሙ ቀጥ ይላል፣ ስክሪኑ ወረቀት ይሆናል፣ እጅህ ላይ ብሩሽ ታገኛለህ። ሰማይ ላይ ክብ ሳልክ፣ ፀሐይ ወጣች። ጠላት ላይ አንድ መስመር ሰረዝክ፣ ተቆረጠ። የተሰበረ ድልድይ ላይ ቀለም ቀባህ፣ ተጠገነ።

እዚህ ጋ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም ላንተ የሚሆነው ይሄ ነው። አፈ ታሪኩ «የፀሐይ አምላክ ናት» ይላል። መጽሐፍ ቢሆን «ፀሐይን አወጣች» ብሎ ይጽፋል። ሠዓሊ ደግሞ ፀሐይዋን ይስላታል። ጌሙ ግን ክቡን አንተ ራስህ እንድትስለው ያደርጋል። እጅህ ተንቀጥቅጦ ክቡ ከተጣመመ ላይሠራልህም ይችላል። የአምላክነቱ ሥራ ጣትህ ላይ ወረደ ማለት ነው። አንተ ጌም ላይ ግን ትንሽ መሆን ጽሑፉ ውስጥ ነው ያለው። ጣቴ ትንሽነት የሚባል ነገር አልነካም።

«ዝላዩ ማሪዮ ነው» ላሉህ ደግሞ ይሄን ንገራቸው። ኒንቴንዶዎች፣ የጃፓን ጌም ሠሪዎቹ፣ መጀመሪያ ሊሠሩ የፈለጉት የካርቱኑን የፖፓይን ጌም ነበር። ፈቃዱን አላገኙም። ስለዚህ ፖፓይ፣ ጉልቤው ተቀናቃኝና በመካከላቸው ያለችው ሴት ወጡና በቦታቸው አንድ ዘላይ ሰውዬ፣ አንድ ትልቅ ጦጣ እና ሌላ ሴት ገቡ። ያ በ1981 የወጣው ዶንኪ ኮንግ ነው፣ ዘላዩ ሰውዬ በኋላ ማሪዮ ተባለ። ገና በዓመቱ ዩኒቨርሳል የተባለው የፊልም ኩባንያ «ጦጣው የኛ ኪንግ ኮንግ ነው» ብሎ ከሰሳቸው። ተረታ። ዩኒቨርሳል ራሱ ከጥቂት ዓመታት በፊት በሌላ ክስ «የኪንግ ኮንግ ታሪክ የማንም አይደለም» ብሎ ተከራክሮ ነበራ! የኒንቴንዶ ጠበቃ ጆን ከርቢ ይባል ነበር፣ ከርቢ የሚባለው ክብ ሮዝ የጌም ገጸ ባሕሪም ስሙን የወረሰው ከሱ ነው ይባላል። ጓደኞችህ «ኮረጅክ» የሚሉህ ማሪዮም የተወለደው እንደዚህ ነው።

አንድ ሌላ ልጨምርልህ፣ እኔን ስለነካኝ። ደሴ ውስጥ ኮምፒውተር ማሠልጠኛ በገባሁበት ጊዜ አስተማሪው ዞር ሲል የምንከፍተው ፕሪንስ ኦፍ ፐርዥያን ነበር። ልጁ ሲሮጥ፣ ጫፍ ይዞ ሲንጠለጠል፣ ሰው ሰው ይሸታል። የ1989 ጌም ነው፣ ሠሪው ጆርዳን ሜክነር ታናሽ ወንድሙን እያስሮጠና እያስዘለለ በቪዲዮ ቀርጾ እያንዳንዷን ምስል በእጁ ገልብጧታል። የጎራዴ ውጊያውን ደግሞ ከ1938ቱ የሮቢን ሁድ ፊልም፣ ሁለቱ ተዋጊዎች በጎን ከሚታዩባት አጭር ቁራጭ ነው የወሰደው። ታሪኩ የአንድ ሺህ አንድ ሌሊት ዓይነት ነው፣ ክፉ ሹም፣ የታሰረች ልዕልት። ግን የገረመኝ ሰዓቱ ነው። ልዕልቲቱ የተሰጣት አንድ ሰዓት ነው፣ አንተም ያለህ እውነተኛ 60 ደቂቃ። በአንድ ሺህ አንድ ሌሊት ተራኪዋ ሸህረዛድ ተረት እያስረዘመች ነው ከሞት የምትተርፈው፣ ጊዜ በገፋ ቁጥር ለሷ ነው። እዚህ ተገለበጠ፣ ጊዜ ጠላት ሆነ። ያውም አስተማሪው ሊመለስ ሲል የምትሽቀዳደመው ከሁለት ሰዓት ጋር ነው፣ ከጌሙም ከአስተማሪውም።

ሕጉን በአጭሩ፣ ምክንያቱም ሳትጠይቀኝ አትቀርም። ስንዝሮ የማንም ደራሲ ንብረት አይደለም፣ ከአያትህ አፍ የሰማኸውን በነፃነት ሥራው። ግን አንድ ሰው ሰብስቦ በራሱ አጻጻፍ ያሳተመውን ተረት ዓረፍተ ነገሩን ወይም ሥዕሉን እንዳለ አታንሳ። በአዋጅ ቁጥር 410/1996 የደራሲው መብት በሕይወት እስካለ፣ ከሞተም በኋላ 50 ዓመት ይጠበቃል። ዜማም እንደዚያው ነው፣ የአምባሰል ቅኝት ነፃ ነው፣ የአንድ ዘፋኝ ቅጂ ግን ነፃ አይደለም። ቀላል ነገር እንዳይመስልህ። ጣሊያናዊው ሰርጅዮ ሊዮኔ በ1964 የኩሮሳዋን «ዮጂምቦ» የተባለ ፊልም ሳያስፈቅድ ካውቦይ አድርጎ ሠራው፣ ጃፓኖቹ ከሰሱ፣ ነገሩ ያለቀው ከፊልሙ ገቢ 15 በመቶ ለእነሱ ተሰጥቶ ነው። ፊልሙ ግሩም ነው፣ እኔ እወደዋለሁ። ግን ግሩም መሆኑ ከመክፈል አላዳነውም።

አሁን ያንተን እንየው። እኔ ብሆን ምን አደርጋለሁ?

አራቱን ደቂቃ ጽሑፍ ዛሬውኑ አጥፋ። በቦታው ይሄን ሞክር። አያቴ ስንዝሮን ስትጀምር አውራ ጣቷንና ትንሿን ጣቷን ዘርግታ አየር ላይ ታቆማቸዋለች። «ይቺን ታክላለች ቁመቱ።» እኛም ጣታችንን ዘርግተን ከሷ ጋር እንለካካለን። ስልክህ ሁለት ጣት በአንዴ ሲነካው ያውቃል አይደል? ጌሙ ሲከፈት ስክሪኑ ባዶ ይሁን፣ የአያትህ ድምፅ ብቻ «ስንዘር እስቲ» ትበል። ተጫዋቹ ጣቱን ይዘርጋ። በሁለቱ ጣቶች መካከል ያለው ርቀት የእሱ ስንዝሮ ቁመት ይሁን። የትልቅ ሰው እጅ ስክሪኑ ላይበቃው ይችላል፣ ይሁን፣ የተገኘውን ያህል ውሰድ። የትንሽ ልጅ ስንዝሮ በጣም ትንሽ ይሆናል፣ ትልቁ የማይገባበት ቀዳዳ ውስጥ ይገባል። የትልቁ ደግሞ ከፍ ያለ ቦታ ይደርሳል። ሁለት ወንድማማቾች አንድ ስልክ ላይ «የኔ ይገባል፣ ያንተ አይገባም» ብለው ሲጨቃጨቁ ይታየኛል። እነዚህ ልጆች አንድ መስመር ሳያነቡ ተረቱ ውስጥ ናቸው። ልጁን አውጥተህ ጥንቸል ማስገባትም አትችልም፣ ጥንቸል በስንዝር አይለካማ።

ዓለሙ ድንጋይና ገደል መሆኑንም ተወው። ቡና የተፈላበት ቤት አድርገው። ወለሉ ላይ የተጎዘጎዘው ቄጠማ ለስንዝሮ ጫካ ነው። የእጣኑ ጭስ ጉም ነው። ረከቦቱ አምባ ነው፣ ስኒዎቹ ጉድጓድ፣ ጀበናው የሚያቃጥል ተራራ። ደረጃ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት ብለህ ቁጥር አትጻፍ። አቦል፣ ቶና፣ በረካ በል። አቦል ላይ ፍሙ ደማቅ ነው፣ ብርሃን አለ፣ የጎረቤቶቹ ወሬ ይሞቃል፣ እግራቸው ግን ይንቀሳቀሳልና አደገኛ ነው። በረካ ላይ ፍሙ አመድ ለብሷል፣ ቤቱ ጨልሟል፣ ሰው ሊበተን ነው። ስክሪን ላይ ሰዓት መቁጠር አያስፈልግህም፣ የሚያስቸኩለው ቡናው ነው። በረካ ሳያልቅ ስንዝሮ በሩ ጋ መድረስ አለበት።

ተራኪዋን ደግሞ ዝም ብላ የምትለፈልፍ አታድርጋት። ቤታችን ውስጥ «ተረት ተረት» ሲባል «የላም በረት» ካላልክ ተረቱ ይቆማል። መልስ ካልሰጠህ እንቅልፍ ወስዶሃል ማለት ነው፣ ለተኛ ሰው ደግሞ አይወራም። ጌምህ ላይም ተጫዋቹ ካልመለሰ ድምጿ ይቁም። ይሄን ፈረንጅ ሀገር ሄደህ መማር አያስፈልግህም፣ ተረታችን ድሮም ቁልፍ የሚያስጫን ነበር።

ሞትንም ቀይርልኝ። ስንዝሮ ሲወድቅ «እንደገና ሞክር» ከምትል አንድ እንቆቅልሽ ይምጣ። «እንቆቅልሽ» «ምን አውቅልህ»። ካወቀው ካለበት ይቀጥላል። ካላወቀው «ሀገር ስጠኝ»! ይስጥ። ካርታ ላይ ሐይቅን ይስጥ፣ ኩታበርን ይስጥ፣ ባቲን ይስጥ። እኛ ልጅ ሆነን ሩቅ ሩቁን ነበር ቶሎ የምንሰጠው፣ ጎንደር በቀን አራት ጊዜ ይሄድ ነበር፣ ደሴን ግን ሞተን ነው። የተሰጠው ሀገር ካርታው ላይ ይጥቆር። ሰው ሦስት ሕይወት ቀረኝ ብሎ ከሚጨነቅ ኮምቦልቻን ልሰጥ ነው ብሎ ይጨነቅ።

አዲስ አበባ ያሉት ቅኔ ጌምስ ገበጣን ስልክ ላይ አምጥተውታል፣ እየውና የት ጋ እንደተቸገሩ ገምት። ገበጣ ላይ ጠጠሩ መዳፍህ ውስጥ ሲንኳኳ የሚሰጥህ ነገር አለ፣ መስታወት ላይ ያ ይጠፋል። ያንተ ዕድለኛ ነው፣ ስንዝር ለመስታወትም ይመቻል።

በቋንቋው በኩል፣ መጀመሪያ በአማርኛ ሥራው። ያውም በአያትህ አማርኛ። ድምጻቸውን አስፈቅደህ ቅረጽ፣ ስማቸው መጨረሻ ላይ ከሁሉ በላይ ይጻፍ። እንግሊዝኛውን በኋላ ታስገባዋለህ፣ «ሀገር ስጠኝ» ላይ ግን ላብ ያልብሃል፣ ከአሁኑ ነግሬሃለሁ።

ሌላ ኮድ ከመጻፍህ በፊት አንድ ነገር። የስንዝር መለኪያዋን ብቻ፣ ምንም ሥዕል ሳይኖራት፣ በሁለት ቀን ውስጥ ሥራትና ስልኩን ለአያትህ ስጣቸው። ጣታቸውን ዘርግተው ይለኩ። ቅዳሜ ወደ ኮምቦልቻ ስለምወርድ ያሉትን እዚያው ትነግረኛለህ።